የሦስት ቢሮ ልጅ

ለተከበሩ የሕፃናት አእምሮ ጤና ቅንጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የተስማማዎት፣ ወንበርዎም የተመቸዎት ይሁን፤ እርስዎ ታመው በሦስት ቢሮ ቢያመላልሱዎት ምን ይውጠናል ብዬ ዘወትር ስለምሰጋ ነው።

ቀጥሎ፣ ለሕዝብ ሳይነገር ሊያድር የማይገባውን ታላቅ ዜና በጥልቅ አክብሮት አስታውቃለሁ፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ዓርማዎች በአንድ ቆርቆሮ ላይ ጎን ለጎን ውለው አድረዋል፤ እስካሁን የተጎዳ የለም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። የማን ዓርማ በቀኝ በኩል ይሁን የሚለው እስኪለይ ድረስ ያንን ቆርቆሮ ደጋግሜ ፍቄ ደጋግሜ ቀብቻለሁ። መጀመሪያ መካከሉ ላይ የሕፃን ሥዕል ነበረበት፤ ዓርማዎቹ ተለቅ ተለቅ ይበሉ ሲባል ቦታ ጠበበና ሕፃኑን አጥፋው ተባልኩ፤ አጠፋሁት። ያኔ የቦታ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አሠራራችሁ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ምክንያት የእህቴ ልጅ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ቤተሰቡ ድምቢጥ ይላታል። ድምቢጥ የሚጥል በሽታ አለባት፤ በዚያ ላይ እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማታል። ድምፁ ሲበረታባት ክንዷን ትነክሳለች፤ በሩ ክፍት ከተገኘም ወደ መኪና መንገድ ትሮጣለች። ቤታቸው ያለው ቢላ ሁሉ የሚኖረው እኔ ዘንድ፣ በቀለም ጣሳዎቼ መካከል ነው፤ እህቴ ሽንኩርት መክተፍ ስትፈልግ ስልክ ትደውልልኛለች። እንዲህ ያሉ ልጆች ቀን ቀን የሚውሉበት፣ ሐኪምም አስተማሪም በአንድ ግቢ ያለበት ማዕከል በከተማችን አንድ አለ። እዚያ ለመግባት የሚያስፈልገው የሦስቱ ቢሮዎች የጋራ ውሳኔ ብቻ ነው። «ብቻ» ያልኩት አንባቢን ፈገግ ለማሰኘት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ፤ ተራ ማስጠበቅ እንደሚወዱ አውቃለሁና።

1ኛ. ከመቀናጀታችሁ በፊት ሐኪም ቤቱ «ይሄ የጠባይ ነገር ነው፣ ትምህርት ቤቷ ይየው» ይለን ነበር። ትምህርት ቤቱ «ሐኪም ደህና ናት ካላለ ክፍል አናስገባም» ይለን ነበር። ማኅበራዊ ጉዳይ ደግሞ «እናት ያላት ልጅ እኛን አትመለከትም» ብሎ ይሸኘን ነበር፤ እናቷ ብትሞት ጉዳዩ በእጅጉ እንደሚፋጠን ቢጠቆማትም እህቴ ለጊዜው አልተመቻትም። ከተቀናጃችሁ ወዲህ ይህ ሁሉ እንግልት ቀርቷል። ዱሮ ሦስት ሰፈር ዞረን የምንለቅመውን እምቢታ ዛሬ በአንድ ፎቅ፣ ከአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ቃል እናገኘዋለን። በጫማዎቻችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. እህቴን ለወላጆች ሥልጠና ስለጠራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ልጇን በጎረቤት እጅ ትታ መጥታ፣ የገዛ ልጇ እንዴት ያለች እንደሆነች ልጅቱን አይቷት ከማያውቅ ወጣት ባለሙያ ተማረች። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ሲያበቃ «ልጅዎ በቂ እንቅልፍ ማግኘቷን ያረጋግጡ» የሚል ባለቀለም በራሪ ወረቀት ታደላት። እህቴ ወረቀቱን ወስዳ ለድምቢጥ አሳይታታለች፤ እስካሁን ለውጥ የለም።

3ኛ. ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ለመጀመሪያው ስብሰባ ድምቢጥን ይዘናት ስንመጣ የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ደነገጠች፤ ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለች፣ ጮኸች፣ የእናቷን ቀሚስ ቀደደች። ከአዳራሹ አንዲት ባለሙያ ብቅ ብለው «ኧረ በናታችሁ፣ ስብሰባ ላይ ነን!» አሉን። ስብሰባው የተጠራው ስለ እሷ መሆኑን ስንነግራቸው ገባ ብለው ተመካክረው ሲመለሱ «እንግዲያው ስትረጋጋ አምጧት» ተባልን። ክቡር ሆይ፣ በዚህ መመሪያ እጅግ ተደንቄአለሁ። እሳት አደጋ መከላከያም «እሳቱ ሲጠፋ ጥሩን» ቢል ኖሮ ስንት ውሃ ይተርፍ ነበር!

ለሁለተኛው ስብሰባ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሰንብታ፣ እግሯ እየተጎተተ፣ በደረጃ አወጣናት። ያንን ለስላሳ ወንበራችሁን ስታገኝ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣል አድርጋ አንቀላፋች። ያኔ ያሳያችሁትን ጨዋነት በሕይወቴ አልረሳውም፤ ሁላችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አደረጋችሁ። የጤናው ተወካይ «ይቺ ናት እንዴ ያቺ ኃይለኛዋ?» አሉ በሹክሹክታ። የትምህርቱ ተወካይ «ምስኪን፣ መልአክ እኮ ነው የምትመስለው» አሉ። እህቴ «ኧረ እባካችሁ፣ ሳምንቱን እኮ አልተኛችም» ብትል እርስዎ ራስዎ ፈገግ ብለው «እንዴ እህቴ፣ ይኸው ተኝታለች!» አሏት። እንዳትነቃ ተብሎ ሳቁ እንኳን በአፍንጫ ነበር።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተገባ። ጤና «የእኛ አይደለችም» አለ። ትምህርት «የእኛማ በፍጹም» አለ። ማኅበራዊ ጉዳይ «እናቷ እዚሁ ተቀምጣ ሳለ የእኛ እንዴት ትሆናለች?» ሲል እህቴ በመምጣቷ እንዳጠፋች ሁሉ አንገቷን ደፋች። አንዱ የተከበሩ አባልም «በእውነቱ እንዲህ ያለችው አትድንም፤ የሌላ ልጅ ቦታ መያዝ ነው» ብለው ነገሩን አሳጠሩልን። በመጨረሻም ልጅቱ በአሁኑ ሰዓት የተረጋጋች በመሆኗ የማዕከሉ ቦታ እንደማያስፈልጋት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስትጮህ የማትገባ፣ ዝም ስትል የማትፈለግ ልጅ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደደከማችሁ እግዜር ይወቅላችሁ። ለዘገባችሁ ይሆን ዘንድ ከተኛችው ልጅ ኋላ ተሰልፋችሁ ፎቶ ስትነሱም ፍላሹ እንዲጠፋ ያዘዙት እርስዎ ነበሩ። ከሦስት መሥሪያ ቤት የተዋጣው ርኅራኄ በሙሉ በዚያች ፍላሽ ላይ ዋለ።

አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እናንተ አብራችሁ አንዲት ድምቢጥ አስራችኋል፤ አንበሳው እስኪገኝ ለልምምድ ይሆናችኋል።

4ኛ. ለድምቢጥ የግል አስተባባሪ ስለመደባችሁላት አመሰግናለሁ። ሰውዬው ስልክ ያነሳሉ፤ ይህ አይካድም። ባነሱ ቁጥር «ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል» ይላሉ። ጉዳዩ እጃቸው ሲገባ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ምናልባት የገባው በመስኮት ይሆን?

5ኛ. እህቴ የዳቦ ቤት ሥራዋን ትታ የገዛ ቤቷ ዘበኛ ሆናለች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ልጅቱ በውስጥ፣ እሷ ከልጅቱ ጋር፣ ዓለም በውጭ። ቤተሰብን በአንድ ላይ የማቆየት ዓላማችሁ በዚህ ቤት ሙሉ በሙሉ ተሳክቷልና በሚቀጥለው ዘገባችሁ ላይ በድፍረት አስገቡት።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ያ ቦታ ለሌላ ሳይሰጥ የድምቢጥ ጉዳይ እንደገና ይታይ። እርስዎ በቅርቡ በመገናኛ ብዙኃን ቀርበው «ልጆቻችንን የምናየው እንደ አንድ ቤተሰብ ነው» ሲሉ ሰምቼ አምኛለሁ፤ በቤተሰብም ማንም የማይጠይቀው ዘመድ አይጠፋምና። ብቻ በዚያን ዕለት ከፎቁ ውረዱ፣ እህቴ ቤት ድረስ ኑ፤ በሩን የምታንኳኩት ድምፁ ሲበረታባት ይሁን። ቢላዎቹ ቀድሞውንም እኔ ዘንድ ናቸውና ለደኅንነታችሁ አትስጉ።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ፣ ሹመትዎ እንዲሰፋ፣ አንድም የታመመ ልጅ ደጅዎን ረግጦ ሥራዎን እንዳያስተጓጉል እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ጻፊ፣
የድምቢጥ አጎት

ድኅረ ጽሑፍና እርማት፦ ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ እህቴ አንብባው በ3ኛው ተራ ቁጥር ላይ ከባድ ስህተት አግኝታለች። ድምቢጥ በስብሰባው ላይ አልተኛችም ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ነው። ቤት እንደገቡ የተናገራችሁትን ሁሉ በየራሳችሁ ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ፣ ለእናቷ ደግማላታለች፤ የእርስዎ ሳቅ በተለይ ተዋጥቶላታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሚመጡባት ድምፆች መካከል ሦስቱ የቢሮ ሰዎች ናቸው። «የእኛ አይደለችም» ይሏታል፤ ክንዷን የምትነክሰው ያን ጊዜ ነው። በመሆኑም ከላይ «አንቀላፋች» ተብሎ የተጻፈው «ታዳምጥ ነበር» ተብሎ እንዲነበብ፣ ስህተቱ ላደረሰባችሁ መጉላላትም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በአክብሮት አስታውቃለሁ።