ጥንቸሎቹን ከአንድ ትሪ ያበላሁ ዕለት

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ግራጫውን ጥንቸል በካርቶን አድርጌ ከቤት አውጥቼዋለሁ።

እታለም ኤልሳቤጥ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የጋሼ ለይኩን ስኳርስ ወረደላቸው? እኛ በጤና ነን፤ በሰላም ግን አይደለንም። ይህን የምጽፈው ባለቤት ያጡ እንስሳትን የሚቀበል ቢሮ ውስጥ ወረፋ ይዤ ነው። ቤት ሆኜ እንዳልደውልልሽ ሚስቴ ልዩ ከጎኔ አትጠፋም።

ትናንት ሚስቴ ደውላ ልጅሽ ሄቨን ቤቴን በጠበጠች፣ ዋሽታም ካደች ብላሻለች። አንቺም ለልጅሽ ደውለሽ፣ የሆነውን ሳትጠይቂያት «አሰደብሽኝ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽባት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ልዩ አራት ዓመት ያሳደገቻቸው ሁለት ጥንቸሎች አሏት፤ ወንዱ ድንች፣ ሴቷ ምስር። ተደጋግፈው ነው የሚተኙት። ሄቨን ከምትሠራበት የሆሊውድ ሆቴል እንግዳ ጥሎት የሄደ ግራጫ ጥንቸል ይዛ መጣች። የልዩ ፊት ጠቆረ፤ ግን እሺ አለች። ልጅቷ አጥንታበት ነበር። ሳሎኑን በሽቦ አጥር ከፈለችው። ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ይተያያሉ፣ ፎጣቸውን እየለዋወጥኩ ጠረን ይላመዳሉ፣ ከዚያ የማንም ባልሆነ ቦታ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይገናኛሉ አለችኝ። ሳቅሁባት። እኛ ቤት እንግዳ ለብቻው አይበላም አልኳት። «አጎቴ፣ እነሱ እንግዳ አያውቁም» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ግራጫው በመጣ በዘጠነኛው ቀን፣ ሄቨን ወደ ሥራ፣ ልዩ ወደ ቸርች እንደወጡ አጥሩን ከፈትኩ። በአንድ ትሪ ጎመን ዘርግቼ ሦስቱንም ዙሪያውን አስቀመጥኳቸው። አብሮ የበላ ይዋደዳል ብዬ ነው። ለግራጫው አንድ ቅጠል በእጄ አጎረስኩት። ምስር ዘላ ጆሮውን ቀደደችው። ልገላግል ስገባ እጄን ነከሰችኝ። ከዚያ ዞራ የገዛ ባሏን፣ ድንችን፣ ያዘችው። ምንጣፉ ጸጉር በጸጉር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድንችና ምስርም አንድ ላይ አይቀመጡም፤ በመካከላቸው ካርቶን አቁመናል።

ልዩ ስትገባ ጸጉር እየጠረግሁ ነበር። ያቺ ልጅ አጥሩን ሳትዘጋ ነው የሄደችው አለች። ዝም አልኩ። ሄቨን ስትመለስ፣ ዘግቼው ነው የወጣሁት አለች። እጄ ላይ ያለውን ፋሻ አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ልዩ «ውሸታም አላሳድርም፤ እስከ እሑድ ውጪልኝ» አለቻት። አሁንም ዝም አልኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እታለም፤ ሚስቴን ፈርቼ ነው።

ከነገ ወዲያ ቫን ናይስ የሚባል ሩቅ ሰፈር፣ አራት ሴቶች ባሉበት አንድ ክፍል ትገባለች። መኪና የላትም። ከዚያ እስከ ሥራዋ ያለውን መንገድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልዩ ዛሬ ስትልከኝ፣ ይህን ጣልና ስትመለስ ከፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ሱቅ ሽሮ ግዛ አለችኝ። ሄቨን ካርቶኑን አየር እንዲያስገባ በሹካ በሳሳችልኝ። አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ለይኩንን እጅ ነሥቻለሁ። ትንሹን ኢዛናን ሳሚልኝ። የአክስታችን ልጅ የምሥራች ከወለደች ወዲህ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳልል ስለቀረሁ ትቀየመኝ፤ መብቷ ነው። ለልጅሽ ግን ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውዪላት፤ ይቅር በይኝ በያት።

ቁጥሬ ተጠራ። ሴትዮዋ ፎርም ይዛ ቆማለች። ፎርሙን ሳልቀበላት ካርቶኑን ከነጥንቸሉ አንሥቼ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነው። ልዩ ሽሮው የታለ ማለቷ አይቀርም፤ መጀመሪያ አጥሩን ማን እንደከፈተው እነግራታለሁ።

ወንድምሽ ተፈሪ
ሎስ አንጀለስ