ግቢ አትበዪኝ

ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ሳያት፤

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ወገብሽን ያምሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ አክስትሽ ከበቡሽ በእጇ ትሰጥሻለች። ድሬዳዋ የምትመጣው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጂ ልታርስሽ የሚገባት እናትሽ እንደሆነች አውቃለሁ፤ አዲሱን ቤትሽንም እስካሁን አላየሁትም። ለምን እንደቀረሁ ልንገርሽ። በስልክ ብጀምረው አልጨርሰውም ነበር።

አባትሽ ባህሩ ያረፈ ጊዜ ሐኪም ከአልጋ አትነሺ ስላለሽ ለቅሶው ላይ አልነበርሽም። በድንኳኑ ጥግ አንድ ጸጉረ ልውጥ ሰው በየምሽቱ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ንፍሮ አይቀምስ፣ ውሃ አይጠጣ፣ ዝም ብሎ ያለቅሳል። የአባትሽ ወገኖች የኔ ዘመድ መሰላቸው፣ የኔዎቹ ደግሞ የአባትሽ የሥራ ባልደረባ። ለቅሶ የመጣን ሰው ማነህ ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ?

ድንኳኑ ሲነሳ ግን ከበራፉ አላልፍ አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ይመጣና ከውጭ ይቆማል። ስሙ መክብብ ነው። «ሳልጠራ የምገባው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፤ ሌላ ቤት ባለቤቱ ግባ ካላለኝ እግሬ አይራመድልኝም» አለኝ። ምን እንደሆነም አልደበቀኝም። ከአባትሽ ጋር ፊልም ላይ እያየን የምንስቅባቸው ደም መጣጮች ትዝ አሉኝና ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ልጄ፣ አትፍረጂብኝ። ሰው ሁሉ «በቃሽ፣ ጠንከር በይ» ሲለኝ እሱ ብቻ «ባለቤትሽ ምን ያስቀው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አባትሽ ዓሣ ስንበላ እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደኔ እንደሚገፋልኝ ነገርኩት። እሱም ከብዙ ዘመን በፊት ስለቀበራት ሚስቱ አጫወተኝ። መልኳ ጠፍቶበታል፤ እሷን ነው በሰው ለቅሶ ላይ እየዞረ የሚያለቅሳት። በሩን መሃላችን አድርገን ስናወራ ምሽቱ አልደርስ እያለኝ መጣ። ወደድኩት። የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ወደድኩት።

ሐምሌ ላይ ያ ዶፍ ሲወርድበት ቆሞ አየሁትና አንጀቴ አልቻለም። አፌን ስከፍት ገብቶት «ጽጌሬዳ፣ እንዳትዪው! ራሴን አላምነውም» አለኝ። እኔ ግን እንግዳ ደጅ የሚቆምበት ቤት አላደግኩም። ግባ አልኩት።

በማግስቱ ፀሐይ አቃጠለችኝ። እህል አፈር አፈር አለኝ። መክብብ እግሬ ስር ወድቆ አለቀሰ። አሁንም አብሮኝ ነው፣ እኔም ልጠላው አልቻልኩም። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ባለፈው ጎረቤታችን ሙሉመቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጣት። ላስርላት እጇን ያዝኩና አፌ ምራቅ ሞላ። ጥያት ሮጥኩ። ያኔ አንቺ ታየሽኝ፤ አራስ ሆነሽ፣ ጨቅላው ከጎንሽ ተኝቶ።

ስለዚህ አልመጣም። ከበቡሽ ቡላና ቅቤ ይዛልሻለች፤ በደንብ ብዪ። ቢላዋው ከትራስሽ ስር አይጥፋ። አንድ ምሽት በርሽ ላይ ቆሜ «እናትሽ ነኝ፣ የልጅ ልጄን ልቀፈው» ብዬ ባለቅስ፣ ብለምንሽ፣ ብቆጣሽም እንኳ ግቢ አትበዪኝ። ካላልሽኝ አልገባም። ክፉ ልጅ ሆንኩ ብለሽ አትዘኚ፤ ከዚህ በላይ የምትውዪልኝ ውለታ የለም።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ጡትሽ ይሙላ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ልጅሽ የአያቱን የባህሩን ሳቅ ይዞ ይምጣ።

እናትሽ ጽጌሬዳ

የሳሎንሽ አረንጓዴ መጋረጃ አጥሯል፤ ከውጭ ያሳይሻል። አስረዝሚው፣ የኔ እናት።