እሁድ የሌለው ጉባኤ

ሐሙስ

እሁድንም በሉብን! የጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ዛሬ ቦሌ መንገድ ባለ ሆቴል ውስጥ ተከፈተ። መርሐ ግብሩን ሳየው ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሁድም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ። እስከ መጪው ረቡዕ ግማሽ ቀን እንኳ እረፍት የለም። እሁድ ደግሞ የአብሮ አደጌ የአልማዝ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። አልማዝ ይህችን ልጅ ያገኘችው ስንት ዓመት አልቅሳ ነው። ሰማንያ ቀን በሰብሳቢ ትእዛዝ አይዛወር!

ዓርብ

ቃለ ጉባኤውን «ሲስተር ጽሕፈቷ ያምራል» ብለው እኔ ላይ ጫኑት። ቀን እጽፋለሁ፣ ማታ እገለብጣለሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ።

ሻይ ሰዓት ላይ ሰብሳቢውን፣ ጓድ ታደሰን፣ ጠጋ ብዬ «ሰው ደክሟል፤ እሁድ ጠዋትን ብንተወውስ?» አልኩት። «አብዮቱ እሁድ አያውቅም» አለኝ። ክርስትና የሚለውን ቃል ዋጥኩት። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን መሳምን ምክንያት ማድረግ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ግማሹ አዳራሽ አንቀላፋ። ስለ ወባ ጥናት ያቀረበው ሐኪም አንድ ገጽ ዘለለ፤ ማንም አላወቀበትም። እኔስ ብሆን? የጻፍኩትን ሳነበው «ትንኟ ክኒኑን እንድትውጥ ተደረገ» ይላል።

ጭንቀቴን ለጋሼ ሰይድ ነገርኳቸው። የወሎ ሰፈር ሰው ናቸው፣ አንጋፋ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ። «አንቺ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን አትበይ። ቀበሌ በይ» አሉኝ። እውነትም የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ነው! እጄን አወጣሁና «ጓድ ሰብሳቢ፣ ነገ ጠዋት ከየቀበሌያችን ብንቀር ምን እንላለን?» ብዬ ጠየቅኩ። የተኛው ሁሉ ነቃ። ቀበሌ ይቅር የሚል ደፋር የት ይገኛል? የነገው ስብሰባ ወደ ከሰዓት ተዛወረ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። «ሁላችሁም ቀበሌ መገኘታችሁን የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ያላመጣ ይጠየቃል» አለ ጓድ ታደሰ። ከድጡ ወደ ማጡ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ሲያስታቅፉኝ እሪ አለች፤ አልማዝም ከኋላዬ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። ያኔ ጓድ ታደሰ የሚባል ሰው ከነመፈጠሩም ረስቼው ነበር።

ከሰዓት ሆቴሉ በር ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። «ወረቀትሽስ?» አለኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ አልመጣ አለኝ። «ቀበሌ አልሄድኩም። ክርስትና እናት ነበርኩ» አልኩት።

ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉንጩ ላይ የትራስ ምልክት አለ።

«እኔም አልሄድኩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጫማዬን ላስር ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝ። አሁን ነው የነቃሁት።»

ከዚያ አዳራሽ ገብቶ «የወረቀቱ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይደር» አለና ስብሰባውን ከፈተ።

ሰኞ

ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም። ጓድ ታደሰ ሰላምታዬን መለሰልኝ፤ ዓይኔን ግን አያይም። ትናንት ድካም እሱንም ሰው አደረገው ብዬ አዝኜለት ነበር። ጋሼ ሰይድ የሆነውን ስነግራቸው አልሳቁም። «የሰብሳቢን ገመና ማወቅ ጥሩ አይደለም» ብለውኝ ሻያቸውን ጠጡ።

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ይህንኑ ሳሰላስል ዋልኩ። እሱ የእኔን ያውቃል፣ እኔ የእሱን። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደሚፈራ አላውቅም። የፈራ ደግሞ በሌላው ላይ ቀድሞ ይናገራል።