ሞክሼዎቹን የቆላለፍኩ ቀን

ውድ አክስቴ፣

እንኳንም አልደወልኩልሽ። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ "ተባረርሽ እንዴ?" እያልሽ ታቋርጪኝ ነበር። አሁን ዝም ብለሽ ታነቢያለሽ፣ ምን ታመጪያለሽ!

ትምህርቴን ጥዬ ስወጣ እማዬ አለቀሰች፣ አባዬ አኮረፈ፤ እጄን ይዘሽ ሳሙና ፋብሪካው ድረስ የሄድሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሥራ አስኪያጇ፣ እኛ "እትዬ ዋና" የምንላቸው፣ ያሉሽን አልረሳሁም፦ "ልጅቷ ጭንቅላት አላት፣ ግን ክብሪት ናት። በሙከራ ጊዜዋ ሰው ላይ ከጮኸች፣ በሩ ያው ነው።" አንቺም "እኔ ዋሷ ነኝ" ብለሽ ፈረምሽ። ይኸው ስሜ ክብሪት ሆኖ ቀረ። ወደ ሌላ ከተማ ስትሄጂ ደግሞ ባውቶቡሱ መስኮት የመከርሽኝ ይሄንን ነው፦ "ሲነድሽ አፍሽን ውሃ ሙዪ። አትዋጪው፣ አትትፊው።" ሳቅኩብሽ። አሁን ግን ስሚኝ።

ፋብሪካችን ማዶ ያለውን ቀለም ፋብሪካ ገዛው። ሰዎቹ ግን አልተገዙም! እነሱ እኛን "አረፋዎች" ይሉናል፣ እኛ እነሱን "ዝንጉርጉሮች"። ኮምፒውተሩም እንደዛው ነው፤ የኛ ዶሜን ለብቻው፣ የነሱ ለብቻው። ዶሜን ማለት በቃ ዘበኛ በዪው፤ ስምሽንና ፓስዎርድሽን ካላወቀ አያስገባሽም። የኔና የአለቃዬ ሥራ ሁለቱን ዘበኞች ማስማማት ነው። አንድ ሰው እዚህ ፓስዎርዱን ሲቀይር ፕሮግራሙ ቀበል ያደርግና መንገድ አሻግሮ ለማዶው ዘበኛ ይነግረዋል፤ ከማዶም ወደኛ እንደዛው። ከዚያ ሰውየው የትም ቢቀመጥ በአንድ ፓስዎርድ ይገባል።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ "በሁለቱም በኩል ስማቸው አንድ የሆኑትን እንደ አንድ ሰው ልቁጠራቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አለቆቹ በሁለቱም በኩል አካውንት ስላላቸው "አዎ" አልኩት። የኛ ሒሳብ ሹምና የማዶው ስቶር ኪፐር ከነአባታቸው ስማቸው አንድ መሆኑን ታዲያ ማን ነገረኝ?

ጠዋት ሁሉም ሰው ፓስዎርዱን እንዲቀይር ተነገረ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሒሳብ ሹሙ ናቸው፦ "ፓስዎርዴ እምቢ አለ!" አዲስ ሰጠኋቸው። ስልኩን ሳልዘጋ ስቶር ኪፐሩ መጡብኝ፦ "አንቺ ልጅ፣ ማነው የቆለፈብኝ? መኪናው ጭኖ በር ላይ ጡሩንባ እየነፋ ነው፣ የመውጫ ወረቀት ላትምለት!" ለሳቸውም ሰጠሁ። የሳቸው ተሻግሮ ሒሳብ ሹሙን ዘጋቸው። ሒሳብ ሹሙ ቀየሩ፣ ስቶር ኪፐሩ ተዘጉ። ሚዛን ሆኑብኝ እልሻለሁ፤ አንዱ ሲወጡ አንዱ ይወርዳሉ። እኚህ "ዝንጉርጉሮቹ ናቸው!" ይላሉ፣ እኚያ "አረፋዎቹ ናቸው!" አለቃዬ ደግሞ ማዶ ገመድ ሊዘረጋ ሄዶ ስልኩን አያነሳም።

በመጨረሻ ሁለቱም ክፍሌ ድረስ መጡ፣ በአንድ በር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው።

"ይቺ ናት!" አሉ ስቶር ኪፐሩ። "ከትምህርት ቤት የሸሸች ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሲያስቀምጡ ሌላ ምን ይጠበቃል!"

አክስቴ፣ ነደድኩ። ምላሴ ላይ የመጣውን ብጽፍልሽ ወረቀቱ ይቃጠላል። ቀና ስል እትዬ ዋና ከኋላቸው ቆመው ያዩኛል። ፊርማሽ ትዝ አለኝ። ብርጭቆዬን አነሳሁና አፌን ሞላሁ።

"ተናገሪ እንጂ!"

ጉንጬ ተነፍቶ ዝም።

"ናቀችን እኮ!"

"አንተን ነው የናቀችው" አሉ ሒሳብ ሹሙ። "ለመሆኑ ማን ልበል?"

ስቶር ኪፐሩ ደረታቸውን ነፍተው ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

"የኔን ስም ማን ጠየቀህ? ያንተን ነው ያልኩህ!"

"የኔን ነው የነገርኩህ!"

"እሱ የኔ ነው!"

"ሰውዬ፣ ፓስዎርዴን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ልትቀማኝ ነው?"

ያኔ ገባኝ። ሳቅ ደግሞ በውሃ አይያዝም። ፊውውው! የሒሳብ ሹሙ ክራቫት፣ የስቶር ኪፐሩ ጢም፣ ምንም አልተረፈም። አለቀልኝ አልኩ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ" አልኩ ወደ ሁለቱም እየዞርኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ሰው አድርጌያችሁ ነው። ጠዋቱን ሙሉ አንዳችሁ አንዳችሁን ስትቆልፉ ነበር።"

ተያዩ። ስቶር ኪፐሩ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው "ሞክሼ?" አሉ።

"አቤት ሞክሼ!" አሉ ሒሳብ ሹሙ፣ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። እትዬ ዋና ግድግዳ ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

እዚያው ለየኋቸው። የስቶር ኪፐሩ ላይ የአያታቸውን ስም ጨመርኩበት። "አያቴም በስተርጅና ሥራ አገኙ" አሉ። መኪናው ወጣ። አሁን ሁለቱ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፣ አረፋና ዝንጉርጉር እየተባባሉ።

ሁሉም ሲወጣ እትዬ ዋና ቀሩ። "ክብሪት፣ ጮኽሽ?"

"አልጮኽኩም።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"አራስኳቸው።"

"ማራስ ውሉ ላይ አልተከለከለም" አሉ።

ቋሚ ሆንኩ አክስቴ! ቋሚ! የፈረምሽው የዋስትና ወረቀት አያስፈልግም ብለው መልሰውልኛል፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ቅደጂው። ቆይ፣ አትቅደጂው፣ መጀመሪያ ለእማዬ አሳዪያት።

ብርጭቆዋ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ሞልታ ተቀምጣለች። ብድግ ሳደርጋት ሁለቱም ፋብሪካ ይሸሻል። ልትጠይቂኝ ስትመጪ ጃንጥላ ያዢ።

እስካሁን ያላቃጠለችሽ፣
ክብሪትሽ