ሰባተኛው ዓምድ

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 1998

ዛሬም ከቤቴ ከካሳራኒ እስከ ሥራ ቦታዬ ኢስትሊ ማታቱ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ እያንጎላጀኝ መጣሁ። አሠሪዬ እትዬ እታገኘሁ ሳይበር ቤታቸውን፣ ኢንተርኔት ቤቱን፣ ከፍተው ወለሉን ጠርገው ጨርሰዋል። «ጠዋት ማለት ለአንቺ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ኮምፒውተሮቹን ላበራ ገባሁ።

ደንበኛ እስኪመጣ የምሠራውን የፊደል ገበታ ከፈትኩ። እዚህ ኬንያ ለሚያድጉ ልጆቻችን፣ ፊደል በኮምፒውተር። ሠላሳ ሦስት ረድፍ፣ ሰባት ዓምድ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቁልፍ። ልጁ አንዱን ጠቅ ሲያደርግ ፊደሉ ከላይ እንዲጻፍ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ቁልፍ መነካቱን እንጂ የትኛው ረድፍ፣ የትኛው ዓምድ ላይ እንደተነካ አያውቅም... ለእያንዳንዱ ለየብቻ ትእዛዝ ልጻፍ? ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ? አብጃለሁ እንዴ?

ዓርብ፣ ጥር 12

ተገኘ!

ቁልፎቹን ከአንድ ጀምሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። የተነካውን ቁጥር ለሰባት ማካፈል ነው። ድርሻው ያለፍኳቸውን ረድፎች፣ ቀሪው ዓምዱን ይነግረኛል። አሥር ቢነካ አንድ ረድፍ አልፎ ቀሪ ሦስት... «ሊ»። የስሜን ፊደላት ነካሁ። «ሠርክ» ብሎ ጻፈልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሥራ በኋላ ፍራኦል መጣ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኪሊማኒ ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት ይሠራል። «ገበታሽን በፍላሽ ስጪኝ፤ ለአለቃዬ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ አሳይልሻለሁ። ለልጆች ትምህርት ሰው ይፈልጋሉ፣ ቋሚ» አለኝ። ቋሚ! የሥራ ፈቃዴ መጋቢት ላይ ያበቃል። እትዬ እታገኘሁ ሊያሳድሱልኝ አይችሉም። ይሄ ካልሆነ ወደ አገሬ መመለሴ ነው።

ሰጠሁት። እንደ ወንድሜ ለማየው ሰው ካልሰጠሁ ለማን?

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ውለታውን ልክፈል ብዬ ስሙን ጻፍኩለት። ፍ፣ ራ፣ ኦ፣ ል። የወጣው «ፍራል»። ኦ የት ገባች? «ሆ»ን ነካሁ፣ «ሎ»ን፣ «ሞ»ን... ምንም። ሰባተኛው ዓምድ በሙሉ ድዳ ነው!

ለካ ሰባት ለሰባት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው። ዜሮኛ ፊደል ደግሞ የለም። ሀ አንደኛ፣ ሁ ሁለተኛ እያልን ያደግን ሰዎች ስህተት። መጀመሪያ አንድ ቀንሶ ማካፈል፣ ከዚያ ቀሪው ላይ አንድ መመለስ። ተስተካከለ።

ፍራኦል ጋ ያለው የተበላሸው ነው። ደወልኩ። «ምቴጃ...» ትላለች ያቺ የስልክ ሴትዮ፤ አይገኝም ማለቷ ነው። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥር 18

አሁንም ምቴጃ። ታሞ ይሆን? አለቃው ፊት እንዳይዋረድ ፈራሁለት።

ሰኞ፣ ጥር 22

አቢግያ መጣች፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ጸሐፊ ናት፣ እዚሁ ኢስትሊ ትኖራለች። «ሠርክዬ፣ ይሄን ሃምሳ ኮፒ አውጪልኝ፣ ሃራካ ሃራካ፣ ቸኩያለሁ።» ማስታወቂያ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የፊደል ገበታ በኮምፒውተር። ሠሪው፦ ፍራኦል።

ክው አልኩ።

«ልጁ ጂኒየስ ነው እኮ! ቋሚ አደረጉት» አለች።

ሃምሳውንም አተምኩ። በገዛ እጄ። ደርድሬ ሰጠኋት፣ አመሰገነችኝ።

እትዬ እታገኘሁ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አሉ። እኔና ፍራኦል ከአዲስ አበባ በሞያሌ ስንመጣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን ነበር። ብርድ እንዳይነካኝ ሰፊውን ወደ እኔ ይስብ ነበር... ያ ሰው የት ሄደ?

ማክሰኞ፣ ጥር 23

ደወልኩ። ጠራ። ዘጋብኝ።

እሑድ፣ ጥር 28

ሄድኩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፍራኦል አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

«ሰላም» ብሎ ጻፈ። ተጨበጨበ። «ኬንያ» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ጮኹ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደስ ብሏቸው፣ «እስቲ የሠሪውን ስም ጻፍልን!» አሉ።



ፍ፣ ራ፣ ኦ... «ፍራል»። አጥፍቶ ደገመው። «ፍራል»። አንዷ ሕፃን፣ «ሂዝ ኔም ኢዝ ፍራል?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ለካ ስሙን አንድ ቀን እንኳ ጽፎበት አያውቅም። እኔ ግን መጀመሪያ የጻፍኩት የእሱን ነበር፣ ከራሴ ቀጥሎ።

ዞሮ አየኝ። «አድኚኝ» የሚል ዓይን። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 30

ትናንት ፍራኦል ሳይበር ቤት መጣ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ነበር። «ሠርክዬ፣ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? በናትሽ፣ ነገ አለቃዬ ትጠይቀኛለች።»

«ስሜን ለምን አልጠራህም?»

«አንቺን አያውቁሽም። በኋላ ላስገባሽ አስቤ ነው...»

«ቋሚው ቦታ ስንት ነበር፣ ፍራኦል?»

አንድ ብቻ እንደነበር ገባኝ። ወጥቶ ሄደ።

ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ኪሊማኒ ሄድኩ። የተስተካከለውን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊት ከፈትኩና ስሙን ጻፍኩ። «ፍራኦል»፣ ከነኦው። ስለ ሰባተኛው ዓምድ አስረዳኋቸው። ቁልፎቹን ራሳቸው ነካክተው አዩ። «እሱ ለምን ይሄን አልነገረኝም?» አሉ። «አያውቀውም» አልኩ። 

«የካቲት ስድስት በቋሚው ቦታ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ስለ ፈቃድሽ እኛ እንጽፋለን።»

ማታቱ ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። ለሰው መንገር አለብኝ! ጣቴ ሳላዝዘው የእሱን ቁጥር ነክቶ ነበር። ሳይጠራ ዘጋሁት። እስከ ካሳራኒ በመስኮት እያየሁ አለቀስኩ።