የሶባዋ እናትና ሕፃኗ

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17፣ 2004

አገኘናት! ከቀትር በፊት ብሩሼ አንድ ክብ ነገር ነካ። የሸክላ ድስት ቂጥ መስሎኝ ነበር። ቀስ እያልኩ ስጠርገው የሰው ግንባር ሆነ። የጥናት አማካሪዬን ዶክተር ዑስማንን ጠራኋቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ቁልቁል አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲደሰቱ እንዲህ ናቸው።

ራሷ ወደ ምዕራብ፣ እግሯ ወደ ምሥራቅ። የክርስቲያን አቀባበር ነው። ሶባ በመካከለኛው ዘመን የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ስለ ነገሥታቷ ትንሽ ተጽፏል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኖቿም። ስለ ተራው ሰው ግን የሚታወቀው እምብዛም ነው። የኔ ጥናት ስለ እነሱ ነው፤ እንዴት ኖሩ፣ እንዴት ሞቱ፣ እንዴት ተቀበሩ።

የሚያስጨንቀኝ፦ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኗል። እስከ ሐሙስ ብቻ ቆፍሩ ተብለናል፤ ከዚያ ዶዘር ይገባል። የሰሜኑ ነፋስ ደግሞ የጠረግነውን መልሶ ያለብሰዋል።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ እማ ከካፉሪ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ ተመልሳለች። የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። "ዛሬስ ምን ቆፈራችሁ?" አለች። "ሴት" አልኳት። "ሱብሃነላህ! አፈር ከለበሰች በኋላ ደግሞ ምን ፈለጋችሁባት?"

እሑድ

ብቻዋን አይደለችም።

በግራ ጎኗ፣ ከክንዷ ሥር፣ የወፍ አጥንት የሚመስሉ ትንንሽ አጥንቶች ወጡ። ሕፃን ነው። ዶክተር ዑስማን አጎንብሰው ብዙ አዩትና "ጥርሱ ገና ድዱን አልቀደደም" አሉ። ክንዷ በሱ ዙሪያ ታጥፏል። ቀባሪዎቹ ናቸው እንዲህ ያስተካከሉላት፤ አስበው፣ አዝነው አሳቅፈዋታል። አቀማመጣቸውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ነደፍኩ። ሁለት ጊዜ ደመሰስኩ። በመጨረሻ ጥሩ ወጣ፤ ፎቶም አነሣን።

ማታ ለእማ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር። ፉል እየበላን ነበር፤ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

"አቅፋዋለች?"

"አዎ።"

"በየትኛው እጇ?"

"በግራው።"

ተነሥታ ወጣች። በመስኮት ሳይ ከገመዱ ላይ የታጠበ ልብስ ትሰበስባለች። ልብሱ ገና እርጥብ ነው።

ሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው? እማ ያስተማረችኝ አማርኛ ለዚህ አይበቃም። እንዳለችው ላስቀምጥ።

ዛሬ ሥራ አልሄደችም። ከቁፋሮ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "ሐናንዬ፣ ተቀመጪ" አለች። "ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ።"

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ከወሎ ስትወጣ አዝላው ነበር። የልጁ አባት ቀድሞ ሞቷል። መተማን አልፈው በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ሲጓዙ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። "ሲያለቅስ ቆየ፣ ከዚያ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ" አለች። ሾፌሩ ቆመላቸው። ወንዶቹ መንገድ ዳር ቆፍረው ቀበሩት። ወዲያው ያላ፣ ያላ፣ እንሂድ ተባለ፤ እሷም ተሳፈረች። "ዛፍ ነበረ። ምን ዛፍ እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም። በኋላ ከአባትሽ ጋር በዚያ መንገድ ሳልፍ ዛፉ ሁሉ አንድ ሆነብኝ።"

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያውቅ ነበር። ሳይነግረኝ ሞተ። ሁለቱም ተነጋግረው ደብቀውኛል፤ ወይም አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም። መጠየቅ ፈራሁ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አለች። "እነዚያን ሁለቱን አትለያዩአቸው።"

"ክርስቲያኖች ናቸው እኮ፣ እማ" አልኩ።

"ታዲያስ? ወሎ ክርስቲያን ዘመድ የሌለው ማን አለ?"

ማክሰኞ

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ አፅም የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ሣጥን። የሕፃናት ለብቻ፣ በሌላ መደርደሪያ። ለዶክተር ዑስማን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወንድሜንም ጭምር። ወደኔ ሳያዩ አፈሩን እየጠረጉ ሰሙኝ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ሣጥን ይሁን። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ" አሉ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

እናቲቱን አነሣናት። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የሕፃኑ ተራ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እንቀጥል አልኩ። "በዚህ ብርሃን ከነካነው ይፈርሳል። ነገ በጠዋት፣ ኢንሻአላህ" አሉ። እውነታቸውን ነው። በጨርቅ ሸፈንነው፣ ለስላሳ አፈር አለበስነው፣ ዙሪያውን በችካልና በገመድ አጠርነው።

እማ ስትሰማ "አንድ ሣጥን!" እያለች ደጋገመችው። ከሰሞኑ ዛሬ ገና በወጉ በላች።

ረቡዕ

የለም።

ከባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ስወርድ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሮጥኩ። መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። ችካሉ የለም፣ ገመዱ የለም፣ ጉድጓዱም የለም። ዶክተር ዑስማን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዶዘሩ ፊት ቆመዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ይጮኻሉ።

ሾፌሩ ወረደ። "ወላሂ ማንም አልነገረኝም! ዛሬ ጀምር ነው ያሉኝ። ምን ነበር እዚያ?"

"ሕፃን" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። በሕይወት ያለ ሕፃን መስሎታል። የጥንት መቃብር መሆኑን ስነግረውም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

የተገፋውን አፈር በወንፊት መንፋት ጀመርን። ሾፌሩም ሳንጠይቀው አካፋ አነሣ። የሸክላ ስብርባሪ። አንድ ሰማያዊ ዶቃ። የፍየል አጥንት። የሕፃኑ የሚባል ምንም አልተገኘም። እስኪጨልም ነፋን።

ለእማ አልነገርኳትም። ደከመኝ ብዬ ተኛሁ። በሩ ላይ ቆማ "ሁለቱም ገቡ?" አለች። የተኛሁ መሰልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ከዶክተር ዑስማን ጋር ቢሯቸው ተቀመጥን። "ሕፃኑን ምን ብዬ ልጻፈው? አፅሙ የለ" አልኳቸው።

"ፎቶው አለ፣ ንድፍሽ አለ፣ ሁለታችንም አይተናል። ነበረ ብለሽ ጻፊ። እንዴት እንደጠፋም ጻፊ፤ አታሳምሪው።" ንድፌን ወደኔ ገፋ አድርገው "ነገ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"ብርሃን አልነበረም፣ ዶክተር።" አልኳቸው።

ጥናቱ ሲያልቅ እናቲቱን መልሰን መቅበር እንችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እንጠይቃለን። ተስፋ ግን አልሰጥሽም" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለእማ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ሴትዮዋስ?"

"ሣጥን ውስጥ ናት።"

"ብቻዋን።"

"ብቻዋን።"

"ነገ ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለኝም። ውሰጂኝ" አለች።

ዓርብ

እንደ ነጠላ የሚጠቀለለውን ነጭ ቶቧን ለብሳ ወጣች። ሀፍላ የሚሉት ሚኒባስ ካወረደን በኋላ ብዙ በእግር ሄድን፤ አልደከመኝም እያለች ደጋግማ ቆመች። ዛሬ ዶዘሩ አይሠራም። ሜዳው ባዶ ነው።

"የት ነው?" አለች።

ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ምልክት የማደርገው ሁሉ ተነሥቷል። "እዚህ አካባቢ ነው።"

"አካባቢ?"

"እርግጠኛ አይደለሁም፣ እማ።"

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ "ሰይዴ" አለች። ስሙን ገና መስማቴ ነው። "ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣ ባገር ሳልቀብርህ" እያለች አለቀሰች፤ እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ አባቴ የሞተ ዕለት እንኳ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማላውቀው ወንድሜ ይሁን፣ ለሶባው ሕፃን ይሁን፣ ለሷ ይሁን አልለየሁትም።

ስትጨርስ ለሙታን የሚቀራውን ፋቲሃ ቀራች። "ለየትኛው ነው?" አልኳት።

"ለሁለቱም ይድረስ። አላህ የት እንዳሉ ያውቃል።"

ስንመለስ ሀፍላው ውስጥ፣ በሰው መሀል፣ ድንገት ወሬ ጀመረች። ሰይድ ጆሮዋን ካልያዘ አይተኛም ነበር። ሲጠባ ግንባሩን ያልበው ነበር። ዶሮ ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር። ይህን ስትነግረኝ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው በቶቧ ጫፍ አፏን ያዘች፣ ጥፋት የሠራች ይመስል።

የጥናቴን ምዕራፍ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ሴትዮዋ አሁንም ሣጥን ውስጥ ናት፤ እሷን ሳስብ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። እማ ከወዲያኛው ክፍል ትጠራኛለች። ስለ ሰይድ ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ይሆናል። ልሂድ።