ባሕር ልንሄድ የተነሣንበት ጠዋት

ሶስዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ በረዶው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ቀልጧል። ሦስተኛውን ለመቀበል አካፋውን ከበሩ ኋላ አቁሜዋለሁ። አንቺ ያለሽበት ቦታ በረዶ እንደማይጠረግ ተስፋ አደርጋለሁ። ካለ ግን አደራሽን የመኪናውን መስታወት በፈላ ውሃ እንዳታጥቢ፤ አንዴ ሰንጥቀሽብኛል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ያው ቻምበርስ ሮድ፣ ያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ያው ከላያችን እንደ ፈረስ የሚረግጠው ጎረቤት። እኔም ያው ዳውንታውን፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ነኝ። አሁን ትኬት የሚቆርጠው ማሽን ስለሆነ የእኔ ሥራ ማሽኑ ሲበላሽ የሚሰደበው ሰው መሆን ነው። ከተክሎችሽ አንዱን ገድያለሁ፤ ሌላው በራሱ ፈቃድ ይኖራል። የእህቴ ልጅ ሜሮን እሑድ እሑድ ከቶርንተን እየመጣች ፍሪጁን ከፍታ ትቆጣኛለች። ትንሿ ልጇ ሊያ አድጋለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እኔም ብድሬን ለመመለስ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ግዕዝ የመሰለ ነገር አጉረመርምባታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ሜሮን ባሕር ልትወስደኝ ቀን ቆርጣለች። ካሊፎርኒያ፣ ያው አንቺ የመረጥሽው የባሕር ዳርቻ ፓርክ። ጠዋት በመጀመሪያው አውሮፕላን ሄደን ማታ በመጨረሻው እንመለሳለን። ባለፈው እሑድ ሶፋሽ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ከስልኳ አነበበችልኝ። ጥላ ያለው ጠረጴዛ ቀድሞ ለደረሰ ነው። እግር መታጠቢያ ቧንቧ አለ። ፓርኪንጉ ከረፋዱ በፊት ይሞላል። ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው መኪና ቦታ ስሰጥ የኖርኩት ሰውዬ ባሕር ድረስ ሄጄ መኪና ማቆሚያ ሳጣ ምን እንደምትይኝ አሰብኩና ሳቅኩ። ብዙ አልሳቅኩም።

እኔ ባሕር አላውቅም። የደብረ ብርሃን ልጅ ባሕርን ከየት ያውቀዋል? አንቺ ግን የአሰብ ልጅ ነሽ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከንፈርሽ ላይ ጨው የሚደርቅብሽ። አውሮራ ሪዘርቮየር፣ ያ የከተማው የውሃ ግድብ ዳር፣ የወሰድኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል? "ይኸው ባሕርሽ፣ አሸዋም አለው፣ ደግሞ ለሥራ ቅርብ ነው" ስልሽ ጣትሽን ነክረሽ ቀመስሽና "ይሄ የበሽተኛ ሾርባ ነው" አልሽ። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች ውሃውን ስትቀምሺ አይተው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

ያን ተንኮል ያሰብኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ሳወራው ይጣፍጣልና ስሚኝ። የካሊፎርኒያውን ትኬት ደብቄ ገዛሁ። ፈቃድሽን ከአለቃሽ ጋር ጨረስኩ። ሜሮንና ባሏ ገና ሳይነጋ እንዲመጡ፣ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ንጉሤም በትልቁ መኪናቸው እንዲያደርሱን ለመንኩ። ሦስቱንም "በሩን እሷ ትክፈት፤ እናንተ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ የምነግራት እኔ ነኝ" ብዬ አስጠነቀቅኳቸው።

አንኳኩ። ከፈትሽ። ጎሕ ሳይቀድ ሦስት ዘመድ በርሽ ላይ ዝም ብሎ ቆሟል። ሜሮን ለብርዱ ብላ ነጠላ ደርባለች። ሰርግ ቤት እንኳ የሐዘንተኛ ፊት ያላቸው ጋሽ ንጉሤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት በር ላይ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ሊነግር።

"ማነው? ንገሩኝ፣ ማነው?" ብለሽ ጮኽሽ። ሜሮን "ኧረ ማንም አልሞተም!" ስትል ባሰብሽ፤ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው እሱኑ ነዋ። ጋሽ ንጉሤ "እስቲ ቁጭ በይ ልጄ" ሲሉሽማ አለቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ ስም መጥራት ጀመርሽ። እናቴ ናት? አክስቴ ናት? ወንድሜ ነው፣ ተስፋዬ ነው አይደል? የክርስትና ልጅሽን፣ የአሰብ ጎረቤቶችሽን፣ አጠገብሽ ቆማ የምታለቅሰውን ሜሮንን ሳይቀር ጠራሽ። እኔ ትኬቱን እያውለበለብኩ "ባሕር ነው! ባሕር!" እልሻለሁ፤ አንቺ "ሰምጦ ነው? ወይኔ፣ ሰምጦ ነው?" ትይኛለሽ።

ያዳነን ራሱ ተስፋዬ ነው። ቶርንተን ከተኛበት በስልክ ቀስቅሰን ድምፁን አሰማንሽ። "እኔ አልሞትኩም እህቴ፣ ግን ይሄ ጩኸትሽ ሊገድለኝ ነው" አለሽ። ያን ጊዜ ሳቅሽ። እሱም ሲስቅ ሰነበተ። አውሮፕላኑ ግን ያለ እኛ ሄደ። ለባሕሩ የተቋጠረውን ምግብ እዚያው ወለሉ ላይ በላነው። "ሌላ ጊዜ እንሄዳለን፤ ፓርኩን እኔ እመርጣለሁ፤ ግን በጠራራ ፀሐይ ንገረኝ" አልሽኝ።

በሳምንቱ መሄድ እንችል ነበር። አንዱ ቅዳሜ የሰው ክርስትና፣ አንዱ ቅዳሜ የሰው ለቅሶ፣ አንዱ ቅዳሜ የእኔ ኦቨርታይም። "ባሕሩ የትም አይሄድ" እያልኩ ስቀልድብሽ ከረምኩ። እውነትም የትም አልሄደም።

ልብሽ በአንድ ምሽት ቀጥ ሲል ተስፋዬ ከሥራ ገብቶ ተኝቶ ነበር። እንደ ደንቡ በስልክ አልነገርነውም። ሳይነጋ እኔ፣ ሜሮን፣ ባሏና ጋሽ ንጉሤ ቶርንተን ሄደን በሩን አንኳኳን። ከፈተና አየን። ከዚያ ሳቀ። ሶስዬ፣ ወንድምሽ ሳቀ። "ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ነው? ባሕር ልትወስዱኝ?" አለን። ጋሽ ንጉሤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ገባው።

ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። መርዶውን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ፤ ሰው ሐዘኑን እንደ ሰው በለቅሶ መጀመር ሲገባው የአንቺ ወንድም በእኔ ቀልድ ጀመረው። ተስፋዬ አሁንም ይመጣል፤ ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ ኳስ እናያለን፣ ይሄዳል። ስለዚያ ሳቅ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። እኔም ተንኮል ማሰብ ትቻለሁ። ሊያ "አንክል፣ ቦሪንግ ሆነሃል" ትለኛለች፤ ለአንዴ እንኳ አማርኛ የቀላቀለችው እኔን ለመስደብ ነው።

ስለዚህ ሜሮንን መጀመሪያ አልሄድም አልኳት። በጉልበቴ አሳበብኩ። ስትነዘንዘኝ "እሺ፣ ግን ከታች ሆናችሁ ጥሩምባ ንፉልኝ፤ በሩን እንዳታንኳኩ" አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ለተስፋዬ ግን ነግራዋለች መሰለኝ፤ ትናንት ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሳይቀመጥ፣ "እኔም እሄዳለሁ" አለኝ። ቀጥሎም "ጥሩምባ አንነፋም። ሁላችንም ወጥተን እናንኳኳለን፤ አንተም ትከፍታለህ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነጋ አንኳክተን እውነት ባሕር እንሂድ" አለ። እሺ አልኩት። ከዚያ ኳስ አየን።

እንግዲህ ቅዳሜ ነው። ሜሮን ጥላ ያለውን ጠረጴዛ ትይዛለች። ጋሽ ንጉሤ በዚያ ፊታቸው ፀሐዩን ያስደነግጣሉ። ተስፋዬ እንደ አሰብ ልጅነቱ ጫማውን መኪና ውስጥ ጥሎ ይወርዳል። እኔ ጣቴን ነክሬ እቀምስና ልክ ነበርሽ እልሻለሁ፤ ይህን ቃል ከእኔ ሰምተሽው ስለማታውቂ እንዳትደነግጪ።

ያን ጠዋት ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ የሁላችንንም ስም ስትጠሪ አንድ ስም ብቻ ዘለልሽ። የራስሽን። እሱን ውሃው ዳር ቆሜ እኔ እጠራዋለሁ፤ ቅዳሜም፣ ከቅዳሜም በኋላ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር።

ያንቺው
ጌታቸው